ያለ ስንቅ የተመታ ነጋሪት

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ የዝቋላን ቆላ በምዕራብ በኩል ይዞ ያልፋል። ከዝቋላዋ ከተማ ከጽጽቃ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የወጣ ሰው ሰቆጣ ይደርሳል። ሰቆጣ የዋግ ገዢዎች የሆኑት ዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ከአፋር ቆላ የሚጫነው አሞሌ ጨው ለዘመናት የተሸጠባት ገበያም ናት። ኽምጣኛ የሚናገረው ሕዝብ በዚህ ደጋና ቆላ ከጥንት ጀምሮ አለ። ችግሩ የተቀመጠው መንገድ ዳር መሆኑ ነው። ከመሃል አገር ወደ ትግራይ የሚዘምትም፣ ከሰሜን ወደ መሃል የሚገሠግሥም ዋግን ቢያንስ በጎኑ ሳይነካ አያልፍም።

«አገሪቱ ለጦርነት አልተዘጋጀችም ነበር፤ ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ክርክር በየትውልዱ ይነሣል። አብዛኞቻችን የምናውቀው ቆራርጠን ነው። አንዱ ማይጨውን ያነሣል፣ ሌላው ባድመን። ክርክሩ ሁልጊዜ በቤተ መንግሥት አካባቢ ይጀመርና አንድ ስም ተመርጦለት ይዘጋል። ከዋግ ሆኖ ያየው ሰው ግን የመቶ ሃምሳ ዓመት አንድ ታሪክ ያገኛል፤ መጀመሪያውም የዋግ ልጅ ነው።

ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም.፦ የዋጉ ንጉሠ ነገሥት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። የእንግሊዙ ጀኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከዚያ አምባ የደረሰው የአገሩ መሳፍንት መንገድ ስላልዘጉበት ነው። የትግራዩ ካሣ ምርጫ አሳለፉት። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ የተገደሉባቸው ዋግሹም ጎበዜም ዝም አሉት። ሁለቱም ከቴዎድሮስ ጋር የሚያስታርቃቸው ነገር አልነበረም።

ናፒየር ሲመለስ ግን ውለታውን ለሁለቱ እኩል አልከፈለም። ለካሣ መድፎች፣ ከስምንት መቶ የሚበልጥ ጠመንጃና የሚተኮስ ጥይት ትቶ ሄደ። ጎበዜ ያገኙት ባዶ የቀረውን ዙፋን ነው። በዚያው ዓመት «ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። የካሣን እኅት ድንቅነሽ ምርጫን አግብተው ስለነበር ሁለቱ ባላንጣዎች አማቾችም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሦስት ዓመታት ለዚህ ታሪክ ወሳኝ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ በቴዎድሮስ ዘመን የተጎዱትን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ማሳደስ ያዙ፤ ከካህናቱም ምርቃት አተረፉ። ካሣ በበኩላቸው ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ቀጥረው ወታደሮቻቸውን በሰልፍና በተኩስ ያሠለጥኑ ነበር። ከግብፅ አቡነ አትናቴዎስንም አስመጡ። ሊነግሥ የሚያስብ ሰው ቀቢ ጳጳስና ተኳሽ ወታደር ሲያዘጋጅ፣ የነገሠው ሰው የተቀናቃኙ ጥይት እንደማያልቅ ማሰብ ነበረበት።

በ1863 ዓ.ም. ክረምት ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ጦራቸው ወደ 60 ሺህ እንደነበር ይነገራል፤ የካሣ ወደ 12 ሺህ። በሐምሌ አድዋ አጠገብ አሰም ወንዝ ላይ ገጠሙ። ብዛቱ አልጠቀመም። ንጉሠ ነገሥቱ ተማረኩ፣ ዐይናቸው ጠፋ፣ በእስር ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ።

ለዚህ ሽንፈት ተክለ ጊዮርጊስን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔም በከፊል እወቅሳቸዋለሁ። ነገር ግን ያዘመቱት ጦር ከእሳቸው በፊትም ከእሳቸው በኋላም የነበረው ያው ጦር ነው። እያንዳንዱ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ ይወጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ ያረፈበትን አገር ይበላል። ደመወዝ የለውም፤ የሚታዘዘው ለአገሩ ጌታ ነው፤ የአገሩ ጌታ ከወደቀ እሱም ይበተናል። ስድሳ ሺህ ሰው በክረምት ማዝመት ማለት መንገድ ዳር ያለው ገበሬ ጎተራ እንዲራገፍ ማዘዝ ነው። ይህን አኗኗር ያልለወጠ መንግሥት ማንም ቢመራው ዝግጁ ሊባል አይችልም።

ከ1880 እስከ 1888 ዓ.ም.፦ ክፉ ቀንና አድዋ

ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ ሰው ሰው እስኪበላ ደረሰ ተባለ። ሰሜኑ ያን «ክፉ ቀን» ገና አልረሳም ነበር፣ የጣሊያን ጦር ከኤርትራ ወደ ትግራይ ሲገባ። ከዐፄ ዮሐንስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ምኒልክ ግን ከተክለ ጊዮርጊስ የተለየ ነገር አድርገዋል። ለዓመታት በነጋዴም በመንግሥት ውልም ጠመንጃ ሰብስበዋል፤ ከጣሊያን ከራሷ ጭምር ገዝተዋል።

ዋግም ዘመተ። ዋግሹም ጓንጉል በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ድል ካደረገው ግንባር ቀደም ጦር ጋር ነበሩ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ሆነ። ድሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ የማይነገረው ከድሉ በፊት በነበሩት ቀናት የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ሊያልቅ መቃረቡ ነው። መቶ ሺህ የሚሆን ሰው በረሀብ በተራቆተ አገር ላይ ሰፍሮ ምኒልክ ወደ ኋላ ለመመለስ እያሰቡ ነበር። የሮም መንግሥት ጀኔራል ባራቲየሪን ቶሎ ውጋ ብሎ ባይገፋው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ልቤ ይደነግጣል።

ከድሉ በኋላ የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። ወቀሳው ያን ጊዜ የወረደው በተሸናፊው ላይ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቀ። ባራቲየሪ ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ነፃ ቢወጣም ለአዛዥነት እንደማይበቃ ተነገረው። ጣሊያኖች ለምን እንደተሸነፉ ተጨቃጨቁ፣ ጻፉ፣ መረመሩ። እኛ አመሰገንን፣ ዘመርን፣ ወደ እርሻችን ተመለስን። ስንቁ ሊያልቅ ስለነበረው ጦር የጠየቀ አልነበረም፤ ያሸነፈን ማን ይጠይቀዋል?

ከ1889 እስከ 1922 ዓ.ም.፦ ያልተሰማው ማስጠንቀቂያ

አንድ ሰው ግን ጠየቀ። የአድዋው ልጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በውጭ አገር ተምረው ተመልሰው ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ፣ ከዚያም ከሞቱ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አንድ ነገር አጥብቀው ተናግረው ነበር፦ ግብሩ ያልተወሰነ፣ ወታደሩ በገበሬ ጫንቃ የሚኖር፣ ሕዝቡ ያልተማረ አገር ነፃነቱን አያቆይም። ወታደር ደመወዝ ይኑረው፣ ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ ይወቅ፣ ትምህርት ይስፋፋ። ማይጨው ላይ የታየው ሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ።

መሣሪያውስ? በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ተዋውለው ነበር። የባሕር በሩ በሙሉ በእነርሱ እጅ ስለነበር ጠመንጃ የሚገባው እነርሱ ሲፈቅዱ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በመስከረም 1916 ዓ.ም. አገሪቱን የመንግሥታት ማኅበር አባል ሲያደርጉ አንዱ ተስፋቸው ይህን ቀለበት መስበር ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ኢትዮጵያ መሣሪያ እንድትገዛ በውል ፈቀዱ። ከአድዋ እስከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት አልፏል።

በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን የቤጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው ወደቁ። የኢትዮጵያ አውሮፕላን በጦርነት ላይ የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ቦምቡም የወረደው በኢትዮጵያውያን ላይ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 22፣ ማይጨው ሆነ።

ከ1923 እስከ 1927 ዓ.ም.፦ አምስት ዓመት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከነገሡ ጀምሮ ለዝግጅት የነበራቸው ጊዜ አምስት ዓመት ብቻ ነው። የቤልጅግ መኮንኖች ክብር ዘበኛን አሠለጠኑ። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ዕጩዎቹ ገና ሳይመረቁ ጦርነቱ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከ13 አይበልጡም፣ ከነሱም መብረር የሚችሉት ጥቂት ነበሩ። የቀረው ጦር የመኳንንቱ ጦር ነው፤ ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣው፣ ከአያቱ የወረሰውን ውጅግራ የሚያነግተው።

እርስ በርስ መወቃቀሱ የጀመረው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ነው። ቤተ መንግሥቱ መኳንንቱን ይወቅሳል፦ መሣሪያቸውን ደብቀው ያስቀምጣሉ፣ ግብር በሙሉ አያገቡም፣ አዲስ ሥርዓት ይጠላሉ። መኳንንቱ ንጉሡን ይወቅሳሉ፦ ጥሩ ጥሩውን ጠመንጃ ለክብር ዘበኛ አድርገው ለጠረፍ ጦር የተረፈውን ይሰጣሉ፣ በጄኔቩ የመንግሥታት ማኅበር ወረቀት ይታመናሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገሩ ነበር። አንዱ ሌላውን ስለማያምን ማንም ሙሉ ዝግጅት አላደረገም። የታጠቀ መኰንን ለንጉሡ ሥጋት ነው፤ የጠነከረ ንጉሥም ለመኰንኑ ሥጋት። በዚህ መካከል የጣሊያን ሥጋት ሁለተኛ ሆኖ ቆየ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ተነሣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሙሶሊኒ በምፅዋ በኩል ጦር ሲያራግፍ ዓለም ያይ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን መሣሪያዋን በፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ጥፋት ሲከፋፈል ከዚህ ላይ የሚወርደው ድርሻ ትልቅ ነው፤ የእኛን ቸልተኝነት ግን አይሰርዝም።

1928 ዓ.ም.፦ ከዓቢይ ዓዲ እስከ ማይጨው

መስከረም 22 ቀን ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ነጋሪት ተመታ። በዚያው ወር የንጉሡ አማች የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ለጠላት አደሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሰው ለሽንፈቱ ሁሉ የሳቸውን ስም ጠርቶ ማረፍ ወደደ።

ዋግ ከደረሰው ጥሪ አልቀረም። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የአገራቸውን ሰው ይዘው ወደ ተንቤን ወጡ፤ በታኅሣሥ ዓቢይ ዓዲን መልሶ ለመያዝ በተደረገው ብርቱ ውጊያ ከፊት ከተሰለፉት ነበሩ። በዚያው ወር የጎጃሙ ገዢ ራስ እምሩ ከዝቋላ በታች ተከዜን ተሻግረው የጣሊያንን ጦር ወደ ኋላ ገፉ። በኅዳር ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባ የነበረ ቢሆንም ለጥቂት ሳምንታት ማሸነፍ የሚቻል መሰለ።

ከዚያ የመርዝ ጋዙ መጣ። ወንዝ ተመረዘ፣ ሰውና ከብት በአንድነት ተለበለቡ። በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ በነጠላ ሸማ የተሸፈነ ወታደር ለዚህ ምን ዝግጅት ሊኖረው ይችላል? ብዙ ጊዜ «አልተዘጋጀንም» ስንል ይህን ከሌላው ጋር እንቀላቅለዋለን። ጋዙ ወንጀል ነው፤ የወንጀሉ ባለቤትም የታወቀ ነው። የእኛ ድርሻ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የጦር አዛዦቹ በሬዲዮ የሚላላኩትን ጣሊያን ይሰማ ነበር። ራሶቹ ባላንጦች ስለነበሩ አንዱ ሲጠቃ ሌላው በጊዜ አልደረሰለትም። ጣሊያን ግን መንገድ እየጠረገ በካሚዮን ስንቅ ያደርሳል፤ የእኛ ሰው ከአህያው በፊት ተርቦ ይወድቃል።

በየካቲት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ ተሸነፉ፤ ሲያፈገፍጉም ተገደሉ። ቀጥሎ ተንቤን፣ ቀጥሎ ሽሬ ፈረሰ። የተንቤኑ አዛዦች ራስ ካሣና ራስ ሥዩም የተረፈውን ሰው ይዘው ወደ ኮረም ወረዱ። የተበተነው ሠራዊት የሚበላ ፍለጋ በየመንደሩ ገባ። በኋላ በኩል የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች ያጠቁታል፤ እነርሱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዕከላዊው መንግሥት በአውሮፕላን ሳይቀር የቀጣቸው ናቸው። በሰላም ጊዜ ሕዝብን በቦምብ የሚገዛ መንግሥት በጦርነት ጊዜ ጀርባውን ለማን ሊሰጥ ነው? እኔ ስለ ዝግጅት ሳስብ ከአውሮፕላኑ ቁጥር ይልቅ ይህ ጥያቄ ይከብደኛል።

ማይጨው ሊገጠም ሦስት ቀን ሲቀረው ጣሊያን ሰቆጣን ያዘ። መጋቢት 22 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እየተኮሱ ተዋጉ። ጥቃቱ ከቀን ወደ ቀን ሲተላለፍ ስለቆየ ጠላት ምሽጉን አጠንክሮ ይጠብቅ ነበር። ክብር ዘበኛም እዚያ አለቀ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ማን ይወቀስ?

በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው ምክር ቤት ንጉሡ ወደ ጄኔቭ ይሂዱ ወይስ ይቆዩ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ 21 ሰው ይሂዱ ሲል 3 ሰው ብቻ ተቃወመ። የንጉሡን መሄድ አጥብቀው የተቃወሙት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ይህን መቼም ይቅር አላሉም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሡ በባቡር ወጡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው መሣሪያ መከልከላቸውን፣ ገንዘብ መለመናቸውን፣ ጋዙን ለዓለም ተናገሩ። ኋላም በእንግሊዝ አገር ባዝ ላይ ሆነው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን አስጻፉ፤ በሱም የራሳቸውን መልስ ሰጡ። ክሱና መከላከያው እንዲህ ተደረደረ፦ አንደኛው ወገን የከዳንን ዓለም፣ ሌላኛው የሸሸንን ንጉሥ ከሰሰ።

ዋግ ውስጥ ግን ጦርነቱ አላለቀም። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የራስ ካሣ ልጆች ተገደሉ፤ ከነሱ ወንድወሰን ካሣ በላስታ በኩል ነበር የሚዋጉት። ቀጥሎ ባለው ክረምት ዋግና ላስታ ተነሡ፤ መሪያቸው ያው ኃይሉ ከበደ ነበሩ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ደረሱባቸው፣ ገደሏቸው፣ ራሳቸውንም ቆርጠው ለሕዝብ አሳዩ።

ይህ ሰው ለጦርነት አልተዘጋጀም ሊባል የሚችል ነው። መድፍ አልነበረውም፣ አውሮፕላን አልነበረውም፣ ከአገሩ ተራራና ከሚያምነው ሰው በቀር ምንም አልነበረውም። ግን ማንንም አልወቀሰም፣ ቢያንስ ለመውቀስ ጊዜ አላገኘም። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ለጠላት ያደሩ አንዳንድ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ ያየ አርበኛ የተሰማው ምሬት ከዚህ ይነሣል። ብላታ ታከለ ያን ምሬት ይዘው ኖሩ፤ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ደግሞ ታሰሩ፤ በ1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ጋር ሲታኮሱ ሞቱ።

ከ1934 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ትልቁ ሠራዊት

መንግሥቱ ከማይጨው የወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ መደበኛ ጦር። በአሜሪካ መሣሪያ የተገነባው ሠራዊት በአፍሪካ ከታላላቆቹ ተቆጠረ። ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስትወርር ግን አሜሪካ ቀደም ብላ እርዳታዋን ቀንሳ፣ ንጉሡን ያወረደው ደርግም መኮንኖቹን በመግደልና በማሰር ጦሩን አዳክሞት ነበር። አገሪቱ በሚሊሺያ፣ በኩባና በሶቪየት እርዳታ ዳነች።

ዋግ በዚህ ዘመን የሌላ ጦርነት ሜዳ ሆነ። በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተውና ደርግን የሚዋጋው ኢሕዴን ተራሮቹን መሠረቱ አደረገ። በ1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የደርግ ጦር ሲፈርስ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጀኔራሎቹን፣ ጀኔራሎቹ ፕሬዚዳንቱን ወቀሱ፤ ግንቦት 8 ቀን የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የዚያ ወቀሳ መጨረሻ ነበር። ከሸፈ፣ ጀኔራሎቹም አለቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሠራዊቱ ተበተነ።

ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም.፦ ባድመና ስንጥቁ

ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር ባድመ ሲገባ የጠበቀው ሚሊሺያና ፖሊስ ነበር። የቀድሞው ጦር ተበትኖ፣ አዲሱም ተቀንሶ ነበር። መንግሥት ከአሥመራ ጋር ጦርነት ይነሣል ብሎ አላሰበም። በችኮላ ሠራዊት ተመለመለ፤ «የደርግ ወታደር» ተብለው የተባረሩ ባለሙያዎችም እንደገና ተጠሩ። በዚያ ጥሪ የመጡት ሰዎች ያለ ቂም መምጣታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ድል ተገኘ፤ ዋጋውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ሆነ። ወቀሳው በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ የነበረውን ሕወሓትን ለሁለት ሰነጠቀ። ተወልደ ወልደ ማርያም፣ ስዬ አብርሃ፣ ገብሩ ዓሥራትና ጓዶቻቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩን አቶ መለስ ዜናዊን ለኤርትራ በመለሳለስ ከሰሱ። አቶ መለስ አሸነፉ፤ ተቃዋሚዎቹ ተባረሩ፣ አቶ ስዬ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። አቶ ገብሩ ከዓመታት በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ አመራሩ ከአሥመራ የሚመጣውን አደጋ አለማየቱን ጽፈዋል። እሳቸውም ያን ጊዜ ከአመራሩ ነበሩ። ሁሉም አመራር ሆኖ ሳለ አንዱ ሌላውን የሚወቅስበት ያ ክርክር ከ1920ዎቹ ቤተ መንግሥት ምን ያህል እንደራቀ እኔ አይታየኝም።

2013 እና 2014 ዓ.ም.፦ እንደገና ዋግ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የሰፈረው የሰሜን ዕዝ በሕወሓት ኃይሎች ሲጠቃ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነበር፦ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? በሰኔ የፌዴራሉ ጦር ከትግራይ ወጣ። በክረምቱ ውጊያው ወደ ዋግ ኽምራ ገባ፤ ሰቆጣ ተያዘች። አዲስ አበባ ላይ ማን ሸሸ፣ ማን መሣሪያ ከለከለ፣ ማን አስቀድሞ ነገረን እየተባለ ሲወቃቀሱ የሰቆጣ ሰው ባንክ፣ ስልክና መድኃኒት ያጣባቸውን ወራት ይቆጥር ነበር።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሰቆጣ ተመለሰች። ዝቋላና አበርገሌ ግን ወዲያው አልተመለሱም። ከሁለቱ ወረዳዎች የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠለሉ፤ ብዙዎቹ ወለህ ላይ በተተከለው መጠለያ። ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ መጣ። የተከዜ ዳር ማሳ ባለቤት የሆነው ገበሬ ከሸራ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ዝናቡን ሰማ።